የደከመ የፋብሪካ ውሃ ማጣሪያን ስለ መለወጥ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። የሸክላ እንስራ ውሃ በተሞላ ጊዜ በስተውጭ ላብ ያወጣል፤ ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ገላው ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተመላ ስለ ሆነ ነው። ውሃው በእነርሱ ሲያልፍ ደለሉ በውስጥ ይቀራል። ዘመኑ የረዘመ እንስራ ግን ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና ላብ ማውጣቱን ይተዋል፤ የተሰነጠቀውም ጉድፉን ከነውሃው ያሳልፋል። የፋብሪካ እድፋም ውሃ የሚጣራበትም መሣሪያ የሚደክመው በእነዚሁ በሁለቱ መንገዶች ነው።

ይህ መሣሪያ ሜምብሬን ይባላል። ስስ ሽፋን ሲሆን እንደ ጥቅልል ተጠቅልሎ በረጅም ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ውሃው በብርቱ ግፊት ሲገፋ ንጹሑ ያልፋል፤ በውሃው የሟሟው ጨው እንኳ አብዛኛው ወደ ኋላ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የታወቀው በ2008 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ጨርቅና ልብስ የሚሠሩት ፋብሪካዎች የሚያወጡትን ውሃ አጣርቶ መልሶ ለሥራ እንዲያውል፥ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የማጣራት ኃይል ያለው ጣቢያ ተሠርቶለታል። ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ ቢባል፥ የጣና ውሃ በዓባይ ይወጣል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ወደ እርሱ የገባ ጨውና ቀለም በዚያው እየተከማቸ ይኖራል፤ ጉዳቱም ዓሣ አስጋሪውንና ከብት አጠጪውን ያገኛል።

የማጣሪያው ድካም በሦስት ምልክት ይታወቃል። አንደኛ፥ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ከቀድሞው ልክ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ሲጐድል፤ ሁለተኛ፥ አልፎ የሚወጣው ጨው ከቀድሞው ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ሲጨምር፤ ሦስተኛ፥ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከቀድሞው ከመቶ 15 እጅ ሲበልጥ ነው። ነገር ግን ውሃ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ፍሰቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ይቀንሳልና፥ ሙቀቱን ሳያመዛዝኑ በብርድ ወራት መፍረድ አይገባም።

ውሃው ባነሰ ጊዜ ግፊት መጨመር ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ እድፉን ይበልጥ ያጣብቀዋልና። በመጀመሪያ ማጠብ ይገባል፤ ኖራ መሰሉ ጨው በአሲድ፥ ቅባቱና ሕያው ዝቃጩ በአልካሊ ይለቃል። ታጥቦ ኃይሉ ያልተመለሰ፥ ወይም ክሎሪን በልቶት ጨው የሚያሳልፍ እንደ ሆነ ግን መለወጥ ግድ ነው። ሆኖም አስቀድሞ የእያንዳንዱን ቧንቧ ውሃ መመርመር ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የተበጠሰ የጎማ ቀለበት ብቻ ነውና። በፊት ያሉት ጥቅልሎች በእድፍ፥ በመጨረሻ ያሉት በጨው ይደፈናሉ፤ ስለዚህ ሁሉን በአንድ ጊዜ መጣል አያስፈልግም። የድካሙ ምክንያት ካልተወገደ ደግሞ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

መምህራን ይህን ለማስረዳት አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ሸክላ ውሃ ሞልተው፥ ላባቸውን ለተማሪዎች ቢያሳዩ ይበቃል። የማጣሪያ መለወጫው ገንዘብ ቢከብድም፥ በጊዜው ያልተለወጠ ማጣሪያ ዕዳውን የሚያስከፍለው ከውሃው በታች የሚኖረውን ሕዝብ ነው።