ቧንቧውን ከመቁረጣችሁ በፊት

ባለቱቦ የሳብዉፈር ሳጥን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ለሰነበታችሁ፣ መልሱ ይኸው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ሳጥኑ ላይ የሚታየው ቀዳዳ ጌጥ አይደለም፤ «ትንሽ ይተንፍስ» ተብሎ በዘፈቀደ የሚበሳም አይደለም። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፉበት «ቡ» ይላል አይደል? አንገቱ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሆዱ ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ሳጥናችንም የሚሠራው በዚሁ ነው። የሳጥኑ መጠን፣ የቱቦው ስፋትና ርዝመት ተደማምረው ሳጥኑን አንድ ድምፅ ላይ ይቃኙታል። እዚያ ድምፅ ላይ ስፒከሩ ራሱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ቤዙ የሚወጣው በቱቦው ነው።

ሁሉም ስፒከር ግን ለዚህ አይሆንም። አብሮት የሚመጣውን ወረቀት ግለጡና ኤፍኤስ የሚለውን ቁጥር ኪውኢኤስ ለሚለው አካፍሉት። ውጤቱ ወደ 100 ከተጠጋ ለቱቦ ይመቻል፤ ወደ 50 ከወረደ ዝግ ሳጥን ሥሩለት። ወረቀቱ ከሌላችሁም ዝጉ ይሻላል፣ የልክ ስህተት ብዙም አይጎዳውም።

አሁን ወደ ስሌቱ። ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 50 ሊትር ሳጥን፣ ቅኝቱ 35 ኸርዝ እንበል። ለምን 35? የባለአራት ክር ቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ ለሙዚቃ ከበቂ በላይ ነው። ለቱቦው የምትቆርጡትን ቧንቧ የውስጥ ስፋት በሳንቲም ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፤ ውጤቱን በ23,562 አባዙ። ከዚያ 35ን በራሱ፣ ቀጥሎም በ50 አባዝታችሁ የመጀመሪያውን ውጤት ለዚያ አካፍሉት። በመጨረሻ የቧንቧውን ስፋት 0.73 እጥፍ ቀንሱ። ውስጡ 10 ሳንቲም ለሆነ ቧንቧ 31 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። «ሰፋ ያለ ቧንቧ አይሻልም ወይ?» ለምትሉ፦ አየሩ ሳይፏጭ ስለሚወጣ ይሻላል፣ ግን 15 ሳንቲም ብታደርጉት ርዝመቱ 76 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የት ልትከቱት ነው?

50 ሊትር ማለት የተጣራው ነው። ስፒከሩም ቱቦውም ውስጥ ቦታ ስለሚይዙ 6 ሊትር ያህል ጨምሩ። በውስጥ ልክ 40 በ40 በ35 ሳንቲም 56 ሊትር ይሰጣችኋል። ስፒከሩ ሰፊው ፊት ላይ ይሁን፤ ቱቦው በጎን በኩል፣ ከስፒከሩ ጀርባ ይግባ። የቱቦው የውስጥ ጫፍና ግድግዳው መካከል ቢያንስ የቱቦው ስፋት ያህል ክፍተት ይቅር። ቱቦው ወደ ጎን መዞሩ አያስጨንቃችሁ፤ የ35 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 10 ሜትር ስለሆነ ጆሮ ከየት እንደመጣ አይለየውም። (የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ግን ይለየዋል!)

እንጨቱ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ይሁን። ቺፑድ ይረክሳል፣ ግን ብሎን አይዝም፣ እርጥበትም ያሳብጠዋል። መጋጠሚያውን በኮላና በብሎን፣ ከውስጥ በሲሊኮን ድፈኑት። ቤዝ ከፍታችሁ እርጥብ እጅ በጠርዞቹ ዙሪያ አዙሩ፤ ነፋስ ከተሰማችሁ ያፈስሳል ማለት ነው። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው።

ቧንቧውን መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ግን አስቸጋሪ ነው። ስልካችሁ ላይ ኸርዝ እየመረጠ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጫኑና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ከ50 ጀምሮ ቀስ በቀስ ውረዱ። ስፒከሩ ከሁሉም ያነሰ የሚንቀሳቀስበት ቁጥር ቅኝታችሁ ነው። 31 ላይ ከሆነ ቧንቧው ረዝሟል፣ ጥቂት ቁረጡለት። ከቅኝቱ በታች ስፒከሩን የሚደግፈው አየር ስለማይኖር በኃይል ይወረወራል፣ ሊበላሽም ይችላል። አምፑ ላይ ሳብሶኒክ የሚል ማጣሪያ ካለ 30 አካባቢ ላይ አድርጉት።

አምፕ ለመቀየር ያሰባችሁ መጀመሪያ ያላችሁን ሳጥን ለኩ። የስፒከራችሁን ቁጥሮችና የሳጥናችሁን ልክ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።