አዲስ የተገጠመን በርና መስኮት ስለ መመርመር

በወለጋ ክረምቱ ረጅምና ዝናባም ስለ ሆነ፥ በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አሮጌ በርና መስኮት አስነቅሎ አዲስ ያስገጠመ ነጋዴ የሥራውን ጉድለት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በሰኔ ነው። ያን ጊዜ ግን ሒሳቡ ተከፍሎ አልቋል፤ በመጋዘኑ ያለው ደረቅ ቡናም እርጥበት ስቦ መሻገት ጀምሯል።

ስለዚህ ምርመራው ርክክብ ከመደረጉ በፊት ይሁን። በቅድሚያ መቃኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ በሜትር ይለካ፤ ልኮቹ ካልተካከሉ መቃኑ ተጣሟል። በሩ በከፊል ተከፍቶ ሲለቀቅ በራሱ የሚሄድ ከሆነም አዘንብሏል፤ ይህንንም ውሃ ልክና ቱንቢ ያረጋግጣሉ። አዲስ ቀለም ግን (ገዢውን ደስ ቢያሰኝም) ስለ ሥራው ምንም አይመሰክርም፤ እንዲያውም ስንጥቅ በስቱኮ ተደፍኖ ከሥሩ ሊገኝ ይችላል።

ዋንዛ መልካም እንጨት ነው። ይሁን እንጂ ሳይደርቅ ከተሠራ በበጋ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለ እንጨቱ መድረቅ መጠየቅ የሚገባው ከመቆረጡ በፊት ነው።

በመስኮቱና በመቃኑ መካከል ወረቀት አስገብቶ መዝጋትና መሳብም ይጠቅማል፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ ነፋስ ይገባል። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆን አለበት። ከደጅ በኩል አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፋበት በውስጥ ግድግዳ ላይ ርጥበት መታየት የለበትም።

የሥራ ውል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተደነገገ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፥ የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ምርመራ በኋላ እንደሚፈጸም በግልጽ ይመልከት።