አሮጌው ቀላል ላፕቶፕ ዛሬም ይበቃናልን?

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በካኮ ሰኞ ሰኞ ገበያ ይቆማል። በዚያ ገበያ ፍየል የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፣ ጀርባዋን ዳብሶ፣ አስሮጦም ጭምር ካልሆነ ዋጋ አይጠራም። ያው ሰው ግን ለልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ቅጥነቱንና የክዳኑን ውበት ብቻ አይቶ ይከፍላል። የዓመት ቁጠባ በዚህ መንገድ የሚያልቅባቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናቸውን የሚወስዱት በኮምፒውተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ቁልፎቹን ሳይለምድ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ መልሱን እያወቀ ሰዓት ሊያልቅበት ይችላል። ለመሆኑ በቤት ያለው ወይም ዘመድ የላከው አሮጌ ላፕቶፕ ለዚህ ይበቃልን?

መጀመሪያ ሥራውን እንቁጠር

አንድ ዕቃ አሮጌ የሚባለው በዕድሜው ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበትን ሥራ መሥራት ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ወላጆችና ልጆች አብረው ተቀምጠው ላፕቶፑ የሚሠራውን በወረቀት ይጻፉ። ጽሑፍ መጻፍ፣ የሱቅ ሒሳብ መያዝ፣ መጻሕፍትን ማንበብ፣ የቁርኣን ቂራኣትና ትምህርቶችን ማዳመጥ፣ የፈተና ጥያቄዎችን መለማመድ ከሆነ አሥር ዓመት ያለፈውም ላፕቶፕ ሊበቃ ይችላል። ቪዲዮ ማቀናበር ወይም ከባድ የምህንድስና ሥዕል መሥራት ከሆነ ግን ቀጭኑ አሮጌ ላፕቶፕ ገና ከጅምሩ ያሳፍራል።

ቅለቱ ምን ያስከፍላል?

ቀላል ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ይመዝናል። ከካኮ ጂንካ ለሚመላለስ ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኤሌክትሪክም በቁጠባ ስለሚጠቀም መብራት በሚጠፋበት ቀን በሶላር ለመሙላት ይመቻል።

ነገር ግን አምራቾች ዕቃውን ለማቅጠን ሲሉ በብዙዎቹ ላይ ራሙን ከዋናው ቦርድ ጋር በይደውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበው የአፕል ማክቡክ ኤር የዚህ ዓይነቱ ግንባር ቀደም ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ በ4 ጊጋባይት ራም ከተገዛ እስከ መጨረሻው በ4 ይኖራል። «በኋላ እናስጨምርለታለን» የሚለው ተስፋ በእርሱ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ራሙ የሚጨመርበት ቦታ ያለው መሆኑን ከመክፈል በፊት ባለሙያ ጠይቁ።

አራቱ ምርመራዎች

አንደኛ፣ ራም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድ ጊዜ ብትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የራሙን መጠንና ምን ያህሉ እንደተያዘ ያሳያል። ለዛሬው የኢንተርኔት አገልግሎት 8 ጊጋባይት ምቹ ነው፤ 4 ለቀላል ሥራ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ማከማቻው። የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲተካ ላፕቶፑ በእጅጉ ይፈጥናል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚደረጉ ወጪዎች ሁሉ ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጥ ብዙም የለም። ኤስኤስዲ ደግሞ የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለው የመኪና መንገጫገጭን ይቋቋማል።

ሦስተኛ፣ ባትሪው። የሻጩን ቃል አትመኑ። ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ከሶኬት ንቀሉት፤ ጽሑፍ ከፍታችሁም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በሰዓት ለኩ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ግማሽ ሰዓት የማይቆይ ላፕቶፕ ተማሪን አያገለግልም። ሆዱ ያበጠ ባትሪ ካለው ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ፈጽሞ አትሙሉት።

አራተኛ፣ ፕሮሰሰሩ። በአሮጌዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ «አይ5» ከሚለው ቀጥሎ ባለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የመጀመሪያው አሃዝ ትውልዱን ይነግራል። 6300 ቢል ስድስተኛ፣ 8250 ቢል ስምንተኛ ትውልድ ነው። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥለን እናያለን።

ጥበቃው ያበቃለት ዊንዶውስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው ተጨማሪ ማሻሻያም ለተመዘገቡት እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ብቻ የተወሰነ ነው። ላፕቶፑ በዚህ ምክንያት መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎች ስለማይደፈኑ ለሌባና ለቫይረስ ይጋለጣል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ፋይል በሚዘዋወርበት በእኛ አገር ይህ የሚናቅ አይደለም። በይፋ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን ይጠበቅበታል።

ከዚያ በታች ያለው ይጣል ማለት ግን አይደለም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሥርዓት 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ልጃችሁ የሚያስፈልገው ፕሮግራም የግድ ዊንዶውስ የሚፈልግ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አያዋጣምና አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

መጠገን ወይስ መለወጥ?

ኤስኤስዲና ባትሪ ለመቀየር የሚጠየቀውን ዋጋ ደምሩ። ድምሩ የተሻለ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚገዛበት ግማሹን ካለፈ መለወጡ ይመረጣል። ራሙ 4 ሆኖ የማይጨመር ከሆነ፣ በዚያም ላይ ባትሪው ከደከመ፣ ገንዘባችሁን አታፍስሱበት። ራሙ 8፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ፣ ባትሪውም ሦስት ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ግን የጎረቤት ልጅ አዲስ ስለያዘ ብቻ መለወጥ ብክነት ነው።

ለሚሸጡትም አንድ ቃል አለን። የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሞተ ባትሪም ነውር ነው። የራሳችሁንና የቤተሰባችሁን ፎቶግራፍና ሰነድም ሳታጠፉ ላፕቶፑን ለሌላ እጅ አትስጡ።

ወጣቶች ሆይ! ወላጆቻችሁን አዲስ ላፕቶፕ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን አራት ምርመራዎች በያዛችሁት ላይ አድርጉና ውጤቱን በወረቀት አቅርቡላቸው። ወላጆችም ወረቀቱን አይታችሁ ፍረዱ።