መስኮት የሚጠብቁ ስክሪፕቶችና የፕሮሰሰር አቅም ቁጠባ

በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት የተማሪዎችን ውጤት ከሰንጠረዥ ወደ መመዝገቢያ ፕሮግራም ማዛወር ተደጋጋሚና አሰልቺ ሥራ ነው። ይህንኑ ለማቃለል አውቶኢት (1999 እ.ኤ.አ.) እና አውቶሆትኪ (2003 እ.ኤ.አ.) የመሳሰሉ በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ መሣሪያዎች ያገለግላሉ። በእነዚህ የሚጻፍ ስክሪፕት በሰው ምትክ ቁልፍ ይመታል፤ ማውስ ያንቀሳቅሳል። ይሁን እንጂ የሚፈለገው መስኮት እስኪከፈት መጠበቅ አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የመጠበቅ ተግባር ኮምፒዩተሩን ሳያጨናንቅ፣ የመዝገቡንም ትክክለኛነት ሳያጓድል እንዴት እንደሚፈጸም ማስረዳት ነው።

1. የችግሩ ምንጭ

ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ «መስኮቱ ተከፍቷል? ካልተከፈተ እንደገና ጠይቅ» የሚል ዙር ይጽፋሉ። ዙሩ በመካከሉ ዕረፍት ከሌለው አንዱን የፕሮሰሰር ኮር ሙሉ በሙሉ ሊይዝ ይችላል፤ ይኸውም ባለ ሁለት ኮር በሆነ ኮምፒዩተር ከጠቅላላው አቅም 50 በመቶ፣ ባለ አራት ኮር በሆነው ደግሞ 25 በመቶ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ የሚጠበቀው ፕሮግራም ራሱ ሊዘገይ፣ የላፕቶፕ ባትሪም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ነገሩ ደወል እስኪደወል ድረስ በየቅጽበቱ «ሰዓቱ ደረሰ ወይ?» እያለ መምህሩን ከሚጠይቅ ተማሪ ጋር ይመሳሰላል፤ እርሱም አይማርም፣ መምህሩም አያስተምርም።

2. ዕረፍት ያለው ዙር

ቀላሉ መፍትሔ በዙሩ ውስጥ «ስሊፕ» የተባለውን የዕረፍት ትእዛዝ ማስገባት ነው። ዕረፍቱ 250 ሚሊሴኮንድ ቢሆን ጥያቄው በሴኮንድ 4 ጊዜ ብቻ ይቀርባል። በአንጻሩ የሚደርሰው መዘግየት በአማካይ 125 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለሆነ ለጽሕፈት ቤት ሥራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሆኖም ዕረፍት ብቻውን የመስኮቱን መከፈት አያረጋግጥም። «5 ሴኮንድ ጠብቀህ ጻፍ» ተብሎ የታዘዘ ስክሪፕት፣ መስኮቱ በ6ኛው ሴኮንድ ቢከፈት ውጤቱን በሌላ መስኮት ላይ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ስሕተት የተማሪን መዝገብ የሚያበላሽ ስለሆነ ከፕሮሰሰር ብክነት የከፋ ነው።

3. የተዘጋጁ የመጠበቂያ ትእዛዞች

ሁለቱም መሣሪያዎች «ዊንዌይት» የሚባል ትእዛዝ አላቸው። በአውቶኢት ይህ ትእዛዝ መስኮቱን በየ250 ሚሊሴኮንድ ያህል እየፈተሸ ይጠብቃል። ትእዛዙን ሲጠቀሙ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ የጊዜ ገደብ መስጠት ያስፈልጋል፤ ገደቡ ሲያልፍ አውቶኢት ዜሮ ስለሚመልስ ስክሪፕቱ ጽሑፉን ሳይጀምር እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ መስኮቱ መኖሩና ለመጻፍ ከፊት መሆኑ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ለኋለኛው «ዊንዌይትአክቲቭ» የተባለው ትእዛዝ ተመድቧል።

4. ጥሪ መጠበቅ

ከሁሉ የሚቆጥበው መንገድ ጨርሶ አለመጠየቅ ነው። ዊንዶውስ «ሴትዊንኢቨንትሁክ» በተባለው ተግባሩ አማካይነት መስኮት ሲታይ ወይም ወደ ፊት ሲመጣ ለስክሪፕቱ ያስታውቃል፤ ይህም እንደ ደወሉ መሆኑ ነው። ነገር ግን ከምዝገባው በፊት ተከፍቶ የቆየ መስኮት ጥሪ ስለማያሰማ፣ ምዝገባው እንዳለቀ አንድ ጊዜ መፈተሽ ግዴታ ነው። አሠራሩም ረቀቅ ያለ ስለሆነ፣ ለዘወትር ሥራ በተራ ቍጥር 3 የተገለጸው ይበቃል።

5. በክፍል ውስጥ

የኮምፒዩተር መምህራን ተማሪዎች ሁለቱን ዙሮች፣ ዕረፍት የሌለውንና ያለውን፣ በየተራ አስኪደው በዊንዶውስ «ታስክ ማኔጀር» ላይ የሚታየውን የፕሮሰሰር መጠን እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ ልዩነቱ በቀላሉ ይገለጣል። ዕቅድ አውጪዎችም ኮምፒዩተሩ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ግዥ ሲጠየቅ፣ አስቀድሞ በላዩ ላይ የሚሠሩት ስክሪፕቶች እንዲመረመሩ ቢያደርጉ፣ ያለውን መሣሪያ ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገል የሚያስችል ሁኔታ ሊገኝ ይችላል።