ስለ ቡና በሽታና ከፍጥረት ስለሚገኝ መድኃኒት

ከመቱ፣ ከጎሬና ከያዮ የምትጽፉልኝ ወዳጆቼ፣ የሚረጨው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጫካውን፣ ንቡንና ወንዙን እንዳይጎዳ ሠግታችሁ፣ የቡናን በሽታ በቅጠላ ቅጠል ጭማቂ መከላከል ይቻል እንደ ሆነ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛልና የማውቀውን እነሆ።

ጠላታችን በ1922 እ.ኤ.አ. በኬንያ የታወቀው፣ በ1971 ደግሞ በሀገራችን የታየው፣ ፈንገስ የሚያመጣው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። ክረምቱ ሲበረታ በለጋው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለች ጥቁር ነጥብ ትወጣለች፤ ነጥቧ እየሰፋች ስትሄድ ፈዛዛ ሮዝ መልክ ያለው የፈንገሱ ዘር ይወጣባትና በዝናብ ጠብታ ወደ ሌላው ይዛመታል፤ የተያዘውም ፍሬ ወይ ይረግፋል፣ ወይ ከቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ይደርቃል።

ፈንገስን የሚገታ ኃይል በፍጥረት ውስጥ መኖሩ አያጠራጥርም። በአውሮፓ ደን፣ በወደቀ የጥድ ፍሬ ላይ የምትበቅል አንዲት ደቃቅ እንጉዳይ፣ ሌሎች ሻጋታዎች ሲሳይዋን እንዳይሻሙባት ትንፋሻቸውን የሚያቋርጥ ንጥረ ነገር ታመነጫለች፤ ይህንንም አንኬና ሽቴግሊኽ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በ1977 ለይተው ስትሮቢሉሪን አሉት። ነገር ግን ንጥረ ነገሩን የፀሐይ ብርሃን ፈጥኖ ስለሚያፈርሰው፣ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች አሠራሩን ተከትለው ብርሃን የሚችለውን አዞክሲስትሮቢንን አበጅተው በ1996 ለገበያ እስኪያቀርቡ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። እንግዲህ በቤተ ሙከራ ፈንገሱን የገታ ጭማቂ፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በኢሉባቦር ማሳ ታጥቦ ቢቀር አያስደንቅም።

ለእኛ የቀረበው መድኃኒት በራሱ በዛፉ ውስጥ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በ1974፣ በሽታው ቡናውን ሲፈጀው ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ከመቱ አጠገብ ከቢሻሪ መርጠው፣ 74110፣ 74112 እና 74148 የተባሉትን ዝርያዎች አስገኙ። በሽታውን የሚቋቋም ቡና ፈንገሱ ቆዳውን ሲበሳው ቡሽ መሰል ሕዋሳት አብጅቶ ዙሪያውን ያጥርበታል፤ ይህን አጥር ደግሞ ዝናብ አያጥበውም።

ስለዚህ ጭማቂውን ተመራማሪዎች አጣርተው እስኪያቀርቡት ድረስ፣ የታመመውን ፍሬ ለቅማችሁ አስወግዱ፣ ነፋስ እንዲገባ ግረዙ፣ የተመረጠውን ችግኝ ትከሉ፤ ከሁሉም በላይ ዩኔስኮ በ2010 የመዘገበውን የያዮን ደን ጠብቁ፤ የነገው ተቋቋሚ ቡናም ሆነ ገና ያልተመረመረው እንጉዳይ የሚገኘው ደኑ እስካለ ድረስ ብቻ ነውና።