በሞገድ የሚዳብስ መርፌ

ግራፊን ከአንድ አቶም የማይወፍር የካርቦን ንጣፍ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ ስለሌላቸው በዚያው ንጣፍ ላይ ብቻ ይራወጣሉ። ይህን ሩጫ ሳያውኩ ለመከታተል ቴራኸርዝ የሚባለው፣ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለው ሞገድ ይመቻል። ጉልበቱ ትንሽ ነው። ክፋቱ ግን ርዝመቱ ነው፦ በሰከንድ 1 ትሪሊዮን ጊዜ የሚርገበገበው 0.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በሌንስ ብቻ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ገደማ የሚያንሰውን ነገር ለይቶ አያሳይም። በአካፋ ጤፍ እንደ መልቀም ነው።

መፍትሔው ማየቱን ትቶ መዳበስ ሆነ። ሐሳቡን አየርላንዳዊው ኤድዋርድ ሲንጅ እ.ኤ.አ. በ1928 በሌላ መልክ ጽፎት ነበር። ዛሬ ጫፉ በአሥር ናኖ ሜትሮች የሚለካ፣ ብረት የተለበጠ መርፌ ከናሙናው አጠገብ ይቀርባል። መርፌው እንደ አንቴና ሞገዱን ተቀብሎ ከጫፉ ሥር ያጠራቅመዋል፤ ከዚያ የሚመለሰው ሞገድ የዚያችን ነጥብ ወሬ ይዞ ይመጣል። የምስሉን ጥራት የሚወስነው እንግዲህ የሞገዱ ርዝመት ሳይሆን የመርፌው ሹልነት ነው።

ነገር ግን አብዛኛው ሞገድ ከመርፌው አካል ላይ ነጥሮ ይመጣል። እኔ ከሁሉ የምወደው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። መርፌው በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል፤ መቀበያውም በዝላዩ ምት ብዜት የሚለዋወጠውን ምልክት ብቻ ያነሳል፤ በሠርግ ግርግር መካከል ከበሮን ለይቶ እንደሚሰማ ጆሮ።

የኤሌክትሮኖቹ ፍጥነትስ እንዴት ይያዛል? የሌዘር ብልጭታ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ኤሌክትሮኖቹን ይቀሰቅሳል፤ ሌላው የሚያመነጨው ሞገድ ዘግይቶ ደርሶ ይመረምራል። በዚህኛው መንገድ ላይ ያለው መስተዋት 3 ማይክሮ ሜትር ወደ ኋላ ቢገፋ ብርሃኑ ደርሶ መልስ 6 ይጓዛል፤ መዘግየቱም 20 ፌምቶ ሰከንድ ይሆናል። ፌምቶ ሰከንድ ማለት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ናት። የሚገኘው ፊልም ግን የአንድ ክስተት አይደለም፤ ከብዙ ድግግሞሽ የተሰፋ ነው። ናሙናው በየጊዜው አንድ ዓይነት ካልሆነ ስፌቱ ይፈታል።

በጀርመን ሬገንስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው፣ ከላይ ካልነው እጅግ ፈጥኖ በሚርገበገብ ሞገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአንዲት ናኖ ሽቦን ኤሌክትሮኖች በ10 ናኖ ሜትርና በ10 ፌምቶ ሰከንድ ጥራት ተከታትለዋል። በሽቦዋ ገጽ ላይ ከኤሌክትሮን የተራቆተ ስስ ሽፋን ሲፈጠር የፈጀው ከ50 ፌምቶ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነበር።