ሻካራ ድንጋይ እንዴት ያብረቀርቃል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ወፍጮና መጅ ከብዙ ቤት ጓዳ አሁንም አልወጡም። ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት ቢመጣም፣ ድልሁና ቅመሙ እዚያው ጥቁር ድንጋይ ላይ ይደቃል። እስቲ መጁን ያንሡና ሁለቱንም ፊቱን በመዳፍዎ ይዳብሱት። በእጅ የሚያዘው ጀርባው ሻካራ ነው። ወፍጮው ላይ የሚመላለሰው ሆዱ ግን ለስልሷል፤ ወደ መስኮት ቢያዞሩት ብልጭ ይላል። ልወልውለው ብሎ የተነሣ ሰው የለም፤ ሥራው ራሱ ወለወለው።

ባለሙያ ሴት ይህን ልስላሴ አትወደውም። ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ስለዚህ ወፍጮው ይወቀራል፤ ፊቱ እንደገና ይሻክራል። በተወቀረ ሰሞን ዱቄቱ ድንጋይ ድንጋይ የሚለው ለዚህ ነው። ጥርስ ላይ ቀጭ የሚለው ከወፍጮው የተላቀቀ ቅንጣት ነው።

ድንጋይ ወልዋዮች የሚፈልጉት እሷ የምታስወግደውን ልስላሴ ነው። በቤት ውስጥ በትንሽ ማሽን፣ ማሽኑ ከሌለም በእጅ፣ ከሜዳ የተለቀመን ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ይፍቁታል። ጥንታዊ ዛፍ ወይም ቀንድ አውጣ በውስጡ ያለበት ድንጋይ ሲሆን ደግሞ የተደበቀው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ግን ማብረቅረቅ ራሱ ምንድን ነው? አንድ ቀላል ነገር ይሞክሩ። ከደጅ ደረቅ ጠጠር ያንሡና ውሃ ውስጥ ነክረው ያውጡት። ወዲያው ቀለሙ ይጠልቃል፤ ያልታየ መስመርና ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይደበዝዛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የደረቀው ጠጠር ፊት በጥቃቅን ጭረት የተሞላ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጭረት በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ የተበተነው ብርሃን ነጣ ያለ ጭጋግ ሆኖ ቀለሙን ይሸፍናል። ውሃ ጭረቶቹን ሞልቶ ፊቱን ሲያስተካክለው ጭጋጉ ይገፈፋል። መወልወል ማለት ውሃው ለጥቂት ደቂቃ የሚሠራውን ሥራ ለዘለቄታው መሥራት ነው።

ታዲያ ጭረት እንዴት ይጠፋል? መልሱ ያስገርማል፤ ጭረት የሚጠፋው በጭረት ነው። ትልቁን ጭረት በትንሽ ጭረት፣ ትንሹን ከዚያ ባነሰ ጭረት መተካት ነው። የብርሃን ሞገድ ርዝመት ከ0.0004 እስከ 0.0007 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጭረቱ ከዚህ መጠን በታች ሲወርድ ብርሃን መበተኑን ይተዋል፤ ፊቱም መስታወት ይሆናል።

አናጢዎች የሚገለገሉበትን ብርጭቆ ወረቀት ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። 80፣ 220፣ 600 የሚል ቁጥር አለበት። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይደቃል። የ80 ቅንጣት 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የ600 ግን 0.03 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ሲሊከን ካርባይድ የሚባል ሰው ሠራሽ ማዕድን ነው። በጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10፣ ኳርትዝ 7 ሲሆኑ እሱ ከ9 ይበልጣል።

ማሽኑም የሚሠራው በዚሁ ማዕድን ዱቄት ነው። ታምብለር የሚባለው ይህ መሣሪያ ሲታይ ቀላል ነው። በሁለት ዘንጎች ላይ የተጋደመች የጎማ በርሜልና ቀስ ብሎ የሚያሽከረክራት ሞተር ናቸው። በርሜሏ ውስጥ ድንጋይ፣ ውሃና የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ይገባል፤ ክዳኗ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌት ተቀን ትዞራለች።

ብልሃቱ ያለው በአሞላሉና በፍጥነቱ ነው። ወተት በቅል ሲናጥ ቅሉ ጢም ብሎ እንደማይሞላ ሁሉ፣ በርሜሏም እስከ ሁለት ሦስተኛዋ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ብቻ ትሞላለች። ከሞላች ድንጋዮቹ አይንቀሳቀሱም፤ ከጎደለች ከፍ ብለው እየወደቁ ይሰባበራሉ። በጣም ከፈጠነች ግድግዳዋ ላይ ተለጥፈው ይዞራሉ እንጂ አይፋተጉም። የሚፈለገው የላይኛው ረድፍ በታችኛው ላይ ሳያቋርጥ እየተንሸራተተ መውረዱ ነው።

ይህን ከወጥ ቤት ሳይወጡ ማየት ይችላሉ። የተሰበረ ገል ወይም ሸክላ ጡብ ሹል ሹል አድርገው ይሰባብሩ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአንድ እፍኝ አሸዋና ከጥቂት ውሃ ጋር ይጨምሩትና ለአሥር ደቂቃ ይናጡት፤ ልጆች ካሉ ለእነሱ ይስጧቸው። ሲከፍቱት ውሃው ቀልቷል፤ የገሉም ጠርዝ ዶልዱሟል። መጀመሪያ የሚሄደው ሹሉ ነው፤ በሁሉም በኩል የሚመታ እሱ ነውና።

በመገጭና በአንገረብ ወንዝ ዳር የሚገኘው ድቡልቡል ድንጋይ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። ከተራራው ሲወርድ ባለ ሹል ጠርዝ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ደራሽ ውሃ እያንከባለለ ከአሸዋና ከጎረቤቱ ጋር አፋተገው። ይሁን እንጂ ወንዝ ድንጋይን ያዶለድማል እንጂ አያብረቀርቅም። የወንዝ አሸዋ ትልቁም ትንሹም የተቀላቀለበት ነው፤ ትንሹ ያለሰለሰውን ትልቁ መልሶ ይጭረዋል።

የማሽኑ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ቅንጣቶችን በመጠን መለየት። መጀመሪያ ሻካራው ዱቄት ይገባል፤ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይዞራል። ቀጥሎ መካከለኛው፣ ከዚያ ደቃቁ፣ በመጨረሻ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ መወልወያ ዱቄት ይከተላል። በጠቅላላው አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። በየመካከሉ ድንጋዩም፣ በርሜሏም፣ ክዳኗም በብሩሽ ይታጠባሉ። ከሻካራው ዱቄት ትንሽ ከቀረ የሳምንታትን ልፋት ያበላሻል። መብራት ቢጠፋ አይደንግጡ፤ ሲመለስ ይቀጥላል። ለቀናት ከቆየ ግን ዝቃጩ ስለሚጠጥር ከፍተው ይጠቡት።

ታዲያ የትኛው ድንጋይ ነው የሚወለወለው? የጎንደርና የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተገነቡ ናቸው። ቅላጩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀሩት የጋዝ አረፋዎች ባዶ ቀዳዳ ሆኑ። በኋላ ሲሊካ የተሸከመ ውሃ እየሰረገ ብዙዎቹን ቀዳዳዎች በኳርትዝና በኬልቄዶን ሞላ። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የሚያዩት ነጭ ወይም ወተት መሳይ እንክብል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሙሌት ነው። ኬልቄዶን ጥንካሬው 7 ያህል ስለሆነና ቅንጣቱ በጣም ስለደቀቀ ሲወለወል እጅግ ያምራል።

እንጨትም በዚሁ መንገድ ድንጋይ ይሆናል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ አይከል ከተማ ባለችበት በጭልጋ፣ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው ቅሪተ አካላት አሉ። ያን ጊዜ አካባቢው ዘንባባ የበቀለበት ደን ነበር። የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የሚባል ባለ ሁለት ግዙፍ ቀንድ እንስሳ ይኖሩበት ነበር። ተመራማሪው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ የእንስሳቱን አጥንት በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳውቀዋል። በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረ እንጨት፣ ከአመዱ የሟሟው ሲሊካ ወደ ሕዋሳቱ ሰርጎ ሲጠጥር፣ ሥጋው ቢጠፋም መልኩ ይቀራል።

ሁሉም ቅሪተ አካል ግን ማሽኑን አይችልም። በዓባይ በረሃና በመቀሌ ዙሪያ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎሎች ይገኛሉ። የኖራ ድንጋይ ጥንካሬው 3 ብቻ ነው፤ በሻካራው ዱቄት ከተሽከረከረ ዛጎሉ ተፍቆ ያልቃል። የወገል ጤና ኦፓልም ውሃ ስለሚመጥና ሊሰነጠቅ ስለሚችል እዚያ በርሜል ውስጥ አይገባም።

እንዴት ይለዩታል? በቢላ ጫፍ ይጫሩት። ቢላው ከጫረው ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ ድንጋዩ የጠርሙስ ስባሪን ከጫረ ግን ጠንካራ ነው። ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት።

ማሽን ከሌለዎት በእጅ ይሠራል። ለስለስ ያለ ጠጠር ይምረጡና 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በውሃ እያረጠቡ ይፈትጉት። ከዚያ 220፣ 400፣ 600፣ 1000፣ 2000 እያሉ ይቀጥሉ። ቁጥር በለወጡ ቁጥር ጠጠሩን ይጠቡት፤ የመፈተጊያውንም አቅጣጫ ያቋርጡ። የፊተኛው ጭረት አልቆ ካልጠፋ ወደሚቀጥለው አይለፉ። በመጨረሻ የመኪና ቀለም ማብሪያ ፖሊሽ በጨርቅ አድርገው ይሹት።

ሁለት ነገር አጥብቀው ይያዙ። ድንጋይ ደረቁን አይፋቅ፤ የሲሊካ አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ዝቃጩንም በዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ አይድፉ፤ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅና ይዘጋዋል። በባልዲ አጠራቅመው ሲረጋ ውሃውን ደጅ ያፍሱ፤ ጭቃውን ከቆሻሻ ጋር ይጣሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። መወልወል ፊትን መብላት ነው። ከድንጋዩ ፊት የሚሄደው እያንዳንዱ ብናኝ አይመለስም። ለጌጥ የሚሆን የወንዝ ጠጠር ላይ ጉዳት የለውም። ቅሪተ አካል ላይ ግን ያ የተፈቀው ፊት የጥርሱ ንክሻ፣ የቅጠሉ ጅማት፣ ድንጋዩ የተኛበት የአፈር ምልክት ሊሆን ይችላል። ለተመራማሪ የሚናገረው እሱ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል።

ስለዚህ ለመወልወል ከወንዝ ዳር ተራ ጠጠርና ኬልቄዶን ይልቀሙ፤ የሚበቃዎትን ያህል ያገኛሉ። በጭልጋም ሆነ በሌላ ቦታ አጥንት፣ ጥርስ፣ የቅጠል ምስል ወይም ድንጋይ የሆነ ግንድ ካዩ ግን አያንሡት። ፎቶ ያንሡ፣ ቦታውን ያስታውሱ፣ በአቅራቢያዎ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ልጆችዎንም እንዲሁ ያስተምሩ፤ ያ ድንጋይ የሁላችንም ነውና።